ዶክቶር አሌታ ያኮብስ፤ ለእያንዳንዷ እናት በልኳ

በሆላንድ አገር ሳፕሜር በምትባል መንደር እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. የተወለዱት አሌታ ያኮብስ፥ አባታቸው ሐኪም ነበሩና ልባቸው ከልጅነታቸው ወደ ሕክምና ያዘነበለ ነበር። ሴት ልጅ ዩኒቨርሲቲ በማትገባበት ዘመን በ17 ዓመታቸው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለቶርቤከ ደብዳቤ ጻፉ። መልሱ የመጣው በአባታቸው ስም ቢሆንም ፈቃዱን አገኙ፤ በ1879 ዓ.ም. የዶክቶርነት ማዕርግ ተቀብለው የአገሩ የመጀመሪያይቱ ሴት ሐኪም ሆኑ።

በሆስፒታል የታዘቡት ነገር ግን ዕረፍት ነሳቸው። ዳግመኛ ማርገዝ ለሕይወቷ እንደሚያሰጋ የተነገራት እናት፥ በምን ዘዴ እንደምትጠነቀቅ የሚያስረዳት ስለማይኖር፥ ነፍሰ ጡር ሆና ትመለስ ነበር።

በኋላ የፍሌንስቡርጉ ሐኪም ሜንዚንጋ ስለ ሠሩት የጎማ ክዳን አንብበው ከርሳቸው ጋር ተጻጻፉ። ዲያፍራም የሚባለው ይህ ክዳን የማሕፀንን አፍ ሸፍኖ የወንድ ዘር እንዳያልፍ ያግዳል። ዶክቶር አሌታ ወዲያው ለሁሉ አላደሉም፤ አስቀድመው ለጥቂት ፈቃደኛ ሴቶች ሰጥተው ወራት ያህል ተከታተሉ፤ ይህም አስተዋይነት ከሁሉ ይልቅ የሚያስመሰግናቸው ነው። ክዳኑ እንደ ጫማ ልክ አለው፤ ለአንዲቱ የተስማማው ለጎረቤቷ ላይሆን ይችላል፤ ከወሊድ በኋላም እንደገና በሐኪም መለካት ያስፈልጋል። ዛሬ ከዚህ ይልቅ የሚያስተማምኑ እንክብሎች፥ በማሕፀን የሚቀመጡና በክንድ የሚቀበሩ መከላከያዎች ቢኖሩም፥ የሴቲቱን ጤናና አኗኗር ጠይቆ መምረጥ አልቀረም።

ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ ክዳኑን ማደል ሲጀምሩ የሙያ ባልደረቦቻቸው አጥብቀው ነቀፏቸው። እርሳቸው ግን በአምስተርዳም ድሆችን በነፃ የሚያክሙበትን ቤት አልዘጉም። ለሴቶች የመምረጥ መብትም ሲታገሉ ኖረው፥ ሕጉ በ1919 ዓ.ም. ሲጸድቅ አይተው በ1929 ዓ.ም. ዐረፉ።