ሳሙኤል ቤከርና «የመድፍ ልጅ»

ከጉና ተራራ የሚወርደው ውሃ ከፊሉ ወደ ጣና፣ ከፊሉ ወደ ተከዜ እንደሚሄድ እኛ የእብናትና የደብረ ታቦር ልጆች እናውቃለን። የዛሬው ባለታሪካችን ይኸው ተከዜ ሰቲት በሚባልበት ቆላ ዝሆን ያደነው እንግሊዛዊ ሳሙኤል ቤከር ነው።

ቤከር እ.ኤ.አ. በ1821 ለንደን ተወለደ። በዘመኑ ጠመንጃ በአፈሙዙ ባሩድ እየጎረሰ የሚተኮስ፣ አረሩም ዘገምተኛ ነበር። ስለዚህ ትልቅ አውሬ ለመጣል መላው የአረሩን ክብደት መጨመር ነው። ቤከርም በ1840 ጊብስ የተባለውን የብሪስቶል ጠመንጃ ሠሪ 85 ግራም አረር የሚተኩስ፣ 9 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ጠመንጃ አሠራው። ጠመንጃው የከበደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀላል ከሆነ ርግጫው ትከሻ ይሰብራል። ከዚያ በኋላ በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ ብዙ ዓመት ዝሆን አደነ።

በ1861 የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ከፍሎሬንስ ጋር መጣ። ከያዛቸው ጠመንጃዎች አንዱ 225 ግራም ገደማ የሚፈነዳ አረር ይተኩሳል። አረቦቹ አሽከሮቹ «የመድፍ ልጅ» አሉት። አውሬውን ይጥላል፣ ተኳሹንም እንደ እንዝርት ያሽከረክራል! ቤከር ራሱ ስለፈራው የሚተኩሰው አልፎ አልፎ ነበር፤ የዘወትር መሣሪያው ከዚህ የቀለለ ነው።

ደግሞም ሲሎን ላይ የለመደው ግንባርን መምታት ሰቲት ላይ አልሠራለትም። የአፍሪካ ዝሆን የራስ ቅሉ አሠራር ሌላ ነውና ትከሻውን መምታት ተማረ። የአገሩ የሐምራን አዳኞች ግን ጠመንጃ አልፈለጉም። አንዱ በፈረስ ሆኖ ዝሆኑን ያስከትላል፤ ሌላው ከኋላ ወርዶ በሰይፍ ቋንጃውን ይቆርጣል። ቤከርም ጀግንነታቸውን አደነቀ።

ቤከር የግብፅን ማሳ የሚያለማው ደለል ከሐበሻ ወንዞች እንደሚሄድ በዓይኑ አይቶ ጻፈ። በ1864 አልበርት ብሎ የሰየመውን ሐይቅ አየ። ከ1869 እስከ 1873 ግን ለግብፁ ከዲቭ እስማኤል ጦር እየመራ የላይኛውን ዓባይ አገር ለመያዝ ዘመተ፤ አዳኙ አገር ያዥ ሆነ ማለት ነው። በ1893 ሞተ።

ለጨዋታ የገደላቸውን አውሬዎች ብዛት አናወድስም። ለሙያችን የሚበጀው ግን አለ። መሣሪያ የሚመረጠው በትልቅነቱ ሳይሆን በሥራው ጠባይና በያዡ አቅም ነው። አንድ ቦታ የሠራ ዘዴም ሌላ ቦታ እንደገና መፈተን አለበት። እኛም ነገ እዚህ የተማርነውን ይዘን ወደማናውቀው ትምህርት ቤት ስንሄድ፣ ከማስተማራችን በፊት ተማሪዎቻችንን እንወቅ።