የደረቀ አበባ ምስክርነት፤ የጌኦርግ ሽዋይንፉርት የሕይወት ታሪክ

ሰው በሜዳ ወይም በጫካ ሞቶ ተገኝቶ አሟሟቱ የሚያጠራጥር በሆነ ጊዜ፣ መርማሪ አስቀድሞ የሚፈልገው ያየና የሰማ ሰው ነው። ያየ ሰው ሲታጣ ግን በሟቹ ልብስ ላይ የተጣበቀው የሣር ፍሬ፣ በጫማው ሥር የተረገጠው ቅጠል፣ በጨርቁ ውስጥ የቀረው የአበባ ብናኝ ይጠየቃል። ዕፅ ሁሉ የሚበቅልበት ምድርና የሚያብብበት ወራት አለውና፣ ሟቹ በየት እንዳለፈና በየትኛው ወቅት እንደ ሞተ ሊያመለክት ይችላል። ይህ ምርመራ ዛሬ በብዙ አገር ፍርድ ቤቶች የታወቀ ሆኖአል። በዚህ ጽሑፍ ታሪኩ የሚነገርለት ጌኦርግ ሽዋይንፉርት በፖሊስ ሥራ የታወቀ ሰው አይደለም። ነገር ግን ከሬሳ ጋር የተገኘን ቅጠል እንደ ምስክር አስቀምጦ በትዕግሥት መመርመርን ካስተማሩት ሊቃውንት አንዱ እርሱ ነው፤ ለዚህም ሥራ ዓይኑን ካሠለጠነባቸው ስፍራዎች አንዱ በእኛው ድንበር አጠገብ ያለው የከሰላ፣ የገዳሪፍና የመተማ ቆላ ነበረ።

ሽዋይንፉርት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በታኅሣሥ 29 ቀን 1836 በሪጋ ከተማ ከጀርመን ወገን ከሆነ የወይን ጠጅ ነጋዴ ተወለደ። በሃይድልበርግ፣ በሙኒክና በበርሊን ዩኒቨርሲቲዎች የዕፀዋትን ትምህርት ተማረ። ወደ አፍሪካ የሳበውም የአንድ ሟች ሰው ንብረት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ባሮን ፎን ባርኒም የተባለው ወጣት መንገደኛ በ1860 በሱዳን ሞቶ ነበርና፣ ከጓደኛው ከሐርትማን ጋር የሰበሰባቸውን ዕፀዋት ለይቶ እንዲያሰናዳ ለሽዋይንፉርት ተሰጠው። የማያውቀውን አገር ዕፅ በደረቀ ወረቀት ላይ እያየ ስም ሲሰጥ ከቆየ በኋላ፣ አገሩን ራሱን ለማየት ተነሣ።

በ1863 ወደ ቀይ ባሕር ወረደ። በባሕሩና በዓባይ መካከል ያለውን ምድረ በዳ ደጋግሞ ካቋረጠ በኋላ፣ በ1865 በከሰላ በኩል ወደ ገዳሪፍና ወደ ገላባት ዘለቀ። ከሰላ ያን ጊዜ በግብጽ መንግሥት ሥር ያለች የጦር ከተማ ነበረች፤ በዚያው ዓመትም ወታደሮቿ ዐምፀው ብዙ ደም ፈስሶአል። በላይ መረብ የምንለው ወንዝ ከቆላው ሲደርስ ጋሽ ተብሎ በአጠገቧ ያልፍና በአሸዋው ውስጥ ይሰወራል። ከዚያ ወደ ደቡብ ሲወርዱ የአትባራን ወንዝ ተሻግረው ገዳሪፍ ይደረሳል፤ በበጋ እየተሰነጠቀ በክረምት እግር የሚይዘው ጥቁር አፈር የሚጀምረው እዚያ ነው። መተማ ደግሞ ከዳርፉርና ከዚያ ወዲያ ለመካ ጉዞ ወጥተው በዚያው የቀሩት ተክሩሮች የሰፈሩባት፣ ለግብጽም ለኢትዮጵያም የምትገብር የገበያ ከተማ ነበረች። ከሃያ አራት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1889፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁባት ስፍራ ይህችው ናት።

በዚህ ቆላ የክረምቱ ዝናብ እስኪጥል ድረስ መሬቱ የሞተ ይመስላል፤ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ግን ሣሩ በጥቂት ሳምንት ከሰው ቁመት ይበልጣል። ዕፅ ለቃሚ በዚህ ወራት የሚሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። ቅጠሉ በወረቀት መካከል ተጭኖ ይደርቃል፤ ወረቀቱ ሲረጥብ በየጊዜው መለወጥ አለበት፤ ቢዘገይ ይሻግታል። በእያንዳንዱም ላይ የተለቀመበት ስፍራና ቀን ይጻፋል፤ ይህ ያልተጻፈበት ዕፅ ቤቱንና ዘመኑን የማይናገር ምስክር ይሆናልና። (ተማሪዎቻቸውን ቅጠል የሚያስለቅሙ መምህራን ይህን ልብ ቢሉት መልካም ነው፤ ቅጠሉ አምሮ ደርቆ ቀኑና ስፍራው የሌለበት ደብተር በየትምህርት ቤቱ ይታያል።) ሽዋይንፉርት በምሥራቅ ሱዳን ከለያቸው ዛፎች አንዱ ዐረቦች ሶፋር የሚሉት ግራር ነው። እሾሁ በሥሩ አብጦ ክፍት ይሆናል፤ ነፍሳት ይበሱታል፤ ነፋስ በነፈሰ ጊዜ እንደ ዋሽንት ያፏጫል። ስሙንም ቧንቧ ወይም ዋሽንት በሚል የላቲን ቃል ሰየመው።

በ1866 ወደ አውሮፓ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1869 የበርሊን የሁምቦልት ድርጅት ልኮት ከካርቱም ወደ ደቡብ ወጣ። የዲንቃን፣ የቦንጎንና የኒያም ኒያምን አገር ዐልፎ፣ መጋቢት 19 ቀን 1870 ወደ ምዕራብ የሚፈስሰውን የዌሌን ወንዝ አየ፤ በማንግቤቱ ንጉሥ በሙንዛ አደባባይም ቁመታቸው አጭር የሆኑትን የአካን ሰዎች አገኘ። ስሙን በዓለም ያስጠራው ይህ ጉዞ ነው፤ ስለዚህም ብዙ ስለ ተጻፈለት እዚህ አንዘገይበትም። ዳሩ ግን ሁለት ነገር ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። የመጀመሪያው የተጓዘው ከዝሆን ጥርስ ነጋዴዎች ጋር መሆኑ ነው፤ እነዚህም ነጋዴዎች ባሪያ ይፈነግሉ ነበር። የሰው ራስ ቅልም እየገዛ ወደ በርሊን ልኮአል። ለአንድ ቅጠል ስፍራና ቀን ለመጻፍ ያን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው፣ ራሳቸው እንደ ዕቃ የተሰበሰበው ሰዎች ስምና ዘመድ እንደ ነበራቸው አለማሰቡ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከሥራው ሁሉ የከፋው ጉድለት ነው።

ሁለተኛው በታኅሣሥ 1870 የደረሰበት ቃጠሎ ነው። የሰፈረበት የነጋዴዎች ሰፈር ተቃጥሎ የጻፈው፣ የለቀመው፣ የመለኪያ መሣሪያው ሁሉ ዐመድ ሆነ። ሰዓቱን እንኳ ስላጣ፣ ከዚያ በኋላ መንገዱን የለካው ርምጃውን በመቍጠር ነው፤ በስድስት ወር ውስጥ የቈጠረው ርምጃ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነ። በሐምሌ 1871 ካርቱም ገባ።

በ1875 በካይሮ ተቀመጠ፤ በኬዲቭ እስማዒል ዘመን የጂኦግራፊ ማኅበር አቋቋመ። ለርእሳችን የሚጠቅመው ሥራ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በሉቅሶር ገበያ የፈርዖኖች የመቃብር ዕቃ በስውር ሲሸጥ ታወቀ። መንግሥት ወንጀሉን ሲመረምር ከመቃብር ዘራፊዎቹ ቤተ ሰብ አንዱ ምስጢሩን ገለጠ፤ በሐምሌ 1881 በዴር ኤል ባሕሪ ገደል ውስጥ ከዐምሳ የማያንሱ የነገሥታት፣ የመኳንንትና የካህናት ሬሳዎች ተገኙ። ሹሞቹ ዘረፋ ፈርተው ሁሉን በጥቂት ቀን አውጥተው ወደ ካይሮ ላኩት። ነገር ግን እያንዳንዱ ዕቃ በየት ተቀምጦ እንደ ነበረ አልተጻፈም፤ ሥዕልም አልተነሣም። ዛሬ አንድ መርማሪ ሬሳ ያለበትን ስፍራ እንዲህ ቢያደርገው ነገሩ በፍርድ ቤት ይበላሽበታል።

ሣጥኖቹ ሲከፈቱ በነገሥታቱ ላይ የአበባ ጕንጕን ነበረባቸው። በቀዳማዊ አሜንሆቴፕ ሣጥን ውስጥ አበባውን ተከትሎ የገባ ተርብ እንኳ ደርቆ ተገኝቶአል። ለሽዋይንፉርት የተሰጠው ይህን ጕንጕን መለየት ነው። ከእርሱ አስቀድሞ ኩንትና ኡንገር የተባሉ ሊቃውንት የግብጽን የመቃብር ዕፀዋት መርምረው ነበር፤ እርሱ ግን በበረሃውና በቆላው ዕፁን በሕይወቱ የሚያውቅ ሰው ስለ ነበረ በለጣቸው። ሦስት ሺሕ ዓመት የደረቀውን አበባ በእርጥበት አለስልሶ ዘረጋው፤ ቅርጹን ቈጥሮ ከአዲስ ዕፅ ጋር አስተያየ። የዳግማዊ ራምሴስ ጕንጕን የተሠራው ከታጠፈ ቅጠልና በመካከሉ ከተሰካ የሎተስ አበባ ቅንጣት ሲሆን፣ የተሰፋው በዘንባባ ቅጠል ክር ነው። ቅጠሉን የማን እንደ ሆነ ለመለየት ብዙ ሊቅ ደክሞ ነበር። ሽዋይንፉርት ግን ሺምፐር የተባለው፣ በትግራይ ብዙ ዘመን ኖሮ በ1878 በዓድዋ የሞተው ጀርመናዊ ከለቀመው የኢትዮጵያ ዛፍ ጋር አንድ ሆኖ አገኘው። ዛፉ ከእኛው እሸ ወገን ነው፤ በዚያ ዘመን የሳይንስ ስሙም በሺምፐር ስም ተጠርቶ ነበር። በግብጽ ምድር ከጠፋ ቈይቶአል፤ የሚገኘው በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በየመን ወገን ነው።

እዚህ ላይ መምህር ሊያስተውለው የሚገባ ጥያቄ አለ። ቅጠሉ ከኢትዮጵያ ደርቆ በንግድ ሄዶ ይሆን፣ ወይስ ዛፉ በግብጽ በቅሎ ነበር? ደረቅ ቅጠል ቢያጥፉት ይሰበራል፤ እነዚህ ግን በየተራ ታጥፈው ተሰፍተዋል። እንግዲያስ እርጥብ ሳሉ ተቈርጠዋል፤ ዛፉም ቅርብ ነበረ ማለት ነው። ደግሞም የራምሴስ ሬሳ ከመጀመሪያው መቃብሩ ወጥቶ በኋላ ዘመን ካህናት እንደ ገና እንደ ገነዙት በግንዘቱ ላይ ተጽፎአል፤ ሣጥኑም የራሱ አልነበረም። ስለዚህ አበባው የሚመሰክረው ራምሴስ ስለ ሞተበት ቀን ሳይሆን በኋላ ስለ ተገነዘበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ዕፅ ራሱ ባይዋሽም የሚጠየቀውን ጥያቄ የሚለይ ሰው ያስፈልገዋል።

ይህንኑ ነገር ወደ መተማ ብንመልሰው ይበልጥ ይገባናል። በቆላው ሜዳ ሞቶ በተገኘ ሰው ኪስ ውስጥ የኮሶ ቅጠል ቢገኝ፣ ኮሶ በደጋ እንጂ በዚያ አይበቅልምና ሟቹ ወይም ገዳዩ ከደጋ ወርዶአል ያሰኛል። የተከሳሽ ጠበቃ ግን ኮሶ መድኃኒት ስለ ሆነ በገበያ ይሸጣል ብሎ ይከራከራል። ያን ጊዜ መርማሪው ለገበያ የሚሄደው አበባው መሆኑን፣ ቅጠሉ ትኩስ መሆን አለመሆኑን፣ ከእርሱ ጋር ሌላ የደጋ ብናኝ መኖሩን መጠየቅ አለበት። በልብስ የሚጣበቀው የሰይጣን መርፌ ደግሞ በብዙ ስፍራ ስለሚበቅል አገር አይለይም፤ ፍሬው የሚደርስበት ወራት ግን ጥቂት ይናገራል።

ሽዋይንፉርት የጀመረው መንገድ ከእርሱ በኋላ ሰፋ። ኒውቤሪ የተባለው እንግሊዛዊ በ1927 በታተመው ሥራ የቱታንክአሙንን የአበባ ጕንጕን መርምሮ፣ አበቦቹ ከሚያብቡበት ወራት የተነሣ ወጣቱ ንጉሥ የተቀበረው በመጋቢት አጋማሽና በሚያዝያ መጨረሻ መካከል ነው አለ። በአሜሪካ በ1932 የሊንድበርግ ሕፃን ተሰርቆ ሞቶ በተገኘ ጊዜ፣ አርተር ኬለር የተባለ የእንጨት ሊቅ ሌባው የተወጣጣበትን መሰላል መረመረ። የእንጨቱን የዕድሜ ቀለበትና የምስማሩን ቀዳዳ ከተከሳሹ ቤት ቈጥ ወለል ሳንቃ ጋር አገጣጥሞ በ1935 በፍርድ ቤት መሰከረ፤ ተከሳሹ ሃውፕትማን በ1936 ተገደለ። ስለዚያ ፍርድ እስከ ዛሬ የሚከራከሩ አሉ፤ የእንጨቱ ምርመራ ግን ለብዙ አገር መርማሪዎች ምሳሌ ሆኖአል።

ሽዋይንፉርት በ1889 ወደ በርሊን ተመለሰ፤ ዕረፍት ግን አልወደደም። በ1891፣ በ1892ና በ1894 ወደ ኤርትራ ወጥቶ ዕፀዋት ለቀመ። የግብጻውያን የተቀደሱ ዛፎች፣ ከእነዚህም ሾላ፣ ከየመንና ከኢትዮጵያ ወገን ወደ ዓባይ ሸለቆ እንደ ወረዱ ያስብ ነበር። መስከረም 19 ቀን 1925 በሰማንያ ስምንት ዓመቱ በበርሊን ሞተ፤ መቃብሩም በዚያው ከተማ በዕፀዋት አትክልት ስፍራ ነው።

በመጋቢት 1943 በጦርነቱ የበርሊን የዕፀዋት ቤተ መዘክር በቦምብ ተቃጠለ፤ እርሱ ከለቀማቸው ብዙዎቹ ሁለተኛ እሳት በላቸው። ነገር ግን ከአንዱ ዕፅ ብዙ ቅርንጫፍ ለቅሞ ለተለያዩ አገሮች መላክ ልማዱ ስለ ነበረ፣ ከራምሴስ ጕንጕን ክፋይ በሎንዶን አጠገብ በኪው ይገኛል፤ በ1865 ክረምት በገላባት የተለቀሙ ቅጠሎችም መተማ የሚለው ስምና ቀኑ ተጽፎባቸው በሌሎች የአውሮፓ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል።