ከኢማም ልጅነት እስከ ጃንሜዳ ሰንሰለት

ከመገናኛ ተነስቶ በኮተቤ፣ በለገጣፎና በሰንዳፋ አድርጎ ወደ ደሴ የሚወጣውን መንገድ የማያውቅ የምሥራቅ አዲስ አበባ ነዋሪ ይኖራል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ዒድ ሲቃረብ ከቦሌ፣ ከገርጂና ከጎሮ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ወሎ የሚጓዘው ወገናችን የሚወጣው በዚሁ በኩል ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ደግሞ አንድ የወሎ ንጉሥ በዚሁ አቅጣጫ ሠራዊቱን አስከትቶ አዲስ አበባን ለመያዝ መጥቶ ነበር። ከተማዋ ውስጥ መግባቱ አልቀረም፤ የገባው ግን ድል አድርጎ ሳይሆን በሰንሰለት ታስሮ ነው። ይህ ሰው ንጉሥ ሚካኤል ነው። ሲወለድ የወጣለት ስም መሐመድ ዓሊ ነበር።

እኛ ሙስሊሞች ስለዚያ ዘመን ስናወራ ብዙውን ጊዜ የምናነሳው የልጁን የልጅ ኢያሱን ጉዳይ ነው። ኢያሱ ሰልሟል ወይስ አልሰለመም በሚለው ጥያቄ ዙሪያ ብዙ ተብሏል። የአባቱ ታሪክ ግን ከልጁ ታሪክ ቀድሞ ሊነበብ የሚገባው ነው። ምክንያቱም በልጁ ላይ የደረሰው ነገር ሥሩ ያለው አባቱ ከ38 ዓመት በፊት ባደረገው ምርጫ ላይ ነው።

መሐመድ ዓሊ የተወለደው በ1842 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባቱ ኢማም ዓሊ አባ ቡላ ይባላል። ቤተሰቡ ወረ ሂማኖን ተቀምጦ ወሎን ለብዙ ትውልድ ሲገዛ የኖረው የማመዶች ቤት ነው። የዚህ ቤት ገዢዎች ኢማም የሚለውን ማዕረግ ይዘው መኖራቸው እንዲሁ ለክብር ብቻ አልነበረም። ሥልጣናቸው በእስልምና ላይ የቆመ መሆኑን ሕዝቡም፣ ጎረቤቱም፣ ጠላቱም እንዲያውቀው ነበር።

ልጁ ያደገበት ዘመን ግን ለወሎ የመከራ ዘመን ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በወሎ ላይ ደጋግመው ዘመቱ። የወሎ ገዢ ቤት ራሱም በአንድነት አልቆመም፤ ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስተዋት እያንዳንዳቸው ወገን ይዘው ይፎካከሩ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ እስር አምልጦ ወርቂት ዘንድ ደርሶ በሰላም ወደ ሸዋ ሲያልፍ፣ ቴዎድሮስ በእጃቸው ታስሮ የነበረውን የወርቂትን ልጅ በበቀል አስገደሉት። መሐመድ ዓሊ ፖለቲካን የተማረው በዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ዘመድ ጠላት ይሆናል፣ እንግዳ አሳዳጊ ይሆናል፣ ልጅ ደግሞ የእናቱን ዕዳ ይከፍላል።

ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ወሎ በሁለት ኃያላን መካከል ተወጠረች። በሰሜን ዐፄ ዮሐንስ፣ በደቡብ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ነበሩ። መሐመድ ዓሊ የገዛ ወገኑ ከሆነው ከአመዴ ሊበን፣ በፈረስ ስሙ ከአባ ዋጠው ጋር ለወሎ ገዢነት ይፎካከር ነበር። ሁለቱ ቢስማሙ ኖሮ ሸዋም ሆነ ትግራይ ወሎን እንዲህ በቀላሉ ባላዘዘ ነበር። ዳሩ ግን ወንድማማች ሲጣላ የሚያተርፈው ጎረቤት ነው። እያንዳንዱ ተፎካካሪውን ለመጣል ውጭ ውጭውን ደጋፊ ፈለገ።

ደጋፊዎቹም ዋጋቸውን ጠየቁ። በ1870 ዓ.ም. ዮሐንስና ምኒልክ ከታረቁ በኋላ በቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ ተደረገ። በዚያ ጉባኤ የአገሪቱ ሃይማኖት አንድ እንዲሆን ተወሰነ። ሹመት የያዘ ሙስሊም ወይ ይጠመቅ፣ ወይ ሹመቱን ይልቀቅ ተባለ። መሐመድ ዓሊ ተጠመቀ። ስሙ ሚካኤል ሆነ፤ የክርስትና አባቱም ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ። ተፎካካሪው አባ ዋጠውም ተጠምቆ ኃይለ ማርያም ተባለ፤ የእርሱ የክርስትና አባት ደግሞ ምኒልክ ሆነ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው ነገር አለ። ሁለቱ የወሎ ተፎካካሪዎች በጥምቀቱ ስፍራ እንኳ የቆሙት በሁለት ተፎካካሪ ነገሥታት ጥላ ሥር ነው። ጉዳዩ የእምነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ባላስፈለገ ነበር።

በዚያች ቀን በሰውዬው ልብ ውስጥ ምን እንደነበረ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። እኛ የምናየው ውጤቱን ነው። መሐመድ ዓሊ የኢማምን ማዕረግ ሰጥቶ የራስነትን ማዕረግ ተቀበለ። ወሎን አጥቶ መሐመድ ዓሊ ከመባል፣ ወሎን ይዞ ሚካኤል መባልን መረጠ።

ሁሉም ግን እንደ እርሱ አልመረጠም። ሹመት ያልነበራቸው ዑለማዎችና ገበሬዎች የሚሸጡት ማዕረግ አልነበራቸውም። ገሚሱ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ገሚሱ በሸህ ጦልሐ ኢብን ጃዕፈር መሪነት በግልጽ ተነሳ። ገሚሱ ደግሞ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ያን ክፉ ዘመን አሳለፈ። ራስ ሚካኤል በዚያን ጊዜ የቆመው ከአዋጁ ወገን ነው። ይህ በታሪኩ ላይ የተጻፈ ነውና ልንሸፋፍነው አይገባም።

መጋቢት 1881 ዓ.ም. ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ ሚካኤል ፊቱን ወደ ምኒልክ አዞረ። ምኒልክም ወሎን ያለ ሚካኤል መያዝ እንደማይችል ያውቅ ነበርና ልጁን ሸዋረጋን ዳረለት። በ1887 ዓ.ም. ኢያሱ ተወለደ። ሸዋረጋ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ልጅየው ግን በአንድ በኩል የኢማሞች የልጅ ልጅ፣ በሌላ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሆኖ አደገ።

በቀጣዩ ዓመት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የአድዋ ጦርነት ሆነ። የወሎ ፈረሰኛ በራስ ሚካኤል መሪነት በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ የጄኔራል ዳቦርሚዳን ጦር ከበበና ደመሰሰው። አድዋን ስናከብር የወሎን ሕዝብ ውለታ የማናነሳ ከሆነ በዓሉን በግማሹ አከበርነው ማለት ነው። በዚያን ቀን ከሸዋና ከሌላው አገር ሰው ጎን ለጎን ሆኖ ደሙን ያፈሰሰውን የወሎ ወታደር ስሙ መሐመድ ነው ወይስ ሚካኤል ብሎ የጠየቀው የለም።

ከዚያ በኋላ ሚካኤል ደሴን መናገሻው አድርጎ ከፍ ከፍ አለ። ዛሬም በደሴ የሚታየው አይጠየፍ የተባለው ትልቅ የግብር አዳራሽ የእርሱ ሥራ ነው። በ1901 ዓ.ም. ሕመም የጸናበት ምኒልክ የልጅ ልጁን ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርጎ አወጀ። በሚቀጥለው ዓመት እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ተገለሉ። በ1903 ዓ.ም. ሞግዚቱ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ሞቱ። በወጣቱ ዙሪያ የቀረው ትልቁ ኃይል አባቱ ሆነ። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ሚካኤል የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብሎ ዘውድ ጫነ። ልጁ ግን የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ አልጫነም።

የሸዋ መኳንንት ይህን ሲያዩ እንቅልፍ አጡ። ሥልጣን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ እየሸሸ መሆኑ ታያቸው። ይሁን እንጂ ንጉሥ ሚካኤልን በምን ይከሱታል? ክርስትናን ተቀብሏል፣ አብያተ ክርስቲያናትን አሠርቷል፣ በአድዋ ተዋግቷል። ስለዚህ ክሱ የመጣው በልጁ በኩል ነው። ኢያሱ ወደ ሐረርና ወደ ኦጋዴን አዘወተረ፣ ከአፋርና ከጅማ ባላባቶች ጋር በጋብቻ ተሳሰረ፣ ሙስሊሙንም የአገሩ ባለቤት አድርጎ ሊያቀርብ ሞከረ። የዓለም ጦርነት በሚካሄድበት በዚያን ወቅት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን ያዘነብላል ብለው ስለፈሩት መስከረም መጀመሪያ 1909 ዓ.ም. ተቃውሟቸውን ለመንግሥቱ አቀረቡ። መስከረም 17 ቀን፣ በመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱ ተሰብስበው ኢያሱ ሰልሟል ብለው ከሥልጣን አወረዱት። አቡነ ማቴዎስም ሕዝቡን ከታማኝነት መሐላው ፈቱት። በምትኩ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ መኮንን ደግሞ አልጋ ወራሽ ሆኑ።

ኢያሱ በእርግጥ ሰልሞ ነበር ወይ የሚለውን የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የእኛ ነጥብ ሌላ ነው። አባት ሥልጣኑን ለማቆየት የአባቶቹን ሃይማኖት ተወ፤ ልጅ በዚያው በተተወው ሃይማኖት ተከሶ ሥልጣኑን አጣ። በቦሩ ሜዳ የተከፈለው ዋጋ ለአንድ ትውልድ እንኳ አልበቃም።

ንጉሥ ሚካኤል 80 ሺህ ይደርሳል ተብሎ የሚገመት ሠራዊት ይዞ ወደ ሸዋ ዘመተ። ጥቅምት ላይ ቶራ መስክ በተባለ ቦታ የራስ ልዑልሰገድን ጦር አሸነፈ፤ ራስ ልዑልሰገድም በጦርነቱ ሞቱ። ድሉን ይዞ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ ቢገሰግስ ኖሮ ታሪክ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር ይሆናል። እርሱ ግን አልገሰገሰም። በነዚያ ጥቂት ቀናት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና ተፈሪ ከየአቅጣጫው ጦር ሰበሰቡ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ በሰገሌ ሜዳ ላይ ተገናኙ። ከአድዋ ወዲህ የአገሪቱ ትልቁ ጦርነት የተባለው ይህ ነው። ልዩነቱ በሁለቱም ወገን የወደቀው የአገር ልጅ መሆኑ ነው። ኢያሱ ለአባቱ አልደረሰለትም። ንጉሥ ሚካኤል ተማረከ።

ከስድስት ቀን በኋላ ድሉ በጃንሜዳ ተከበረ። ሽማግሌው ንጉሥ በሰንሰለት ታስሮ፣ የመገዛት ምልክት የሆነ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ በሕዝብ ፊት አለፈ። ከተመልካቾቹ አንዱ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን መሪ ልጅ የነበረው የስድስት ዓመቱ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። ቴሲጀር አድጎ የአፋርንና የዓረብን በረሃ ያቋረጠ ስመ ጥር ተጓዥ ሲሆን፣ ያን ትዕይንት ግን እስከ ሽምግልናው አልረሳውም።

እንዲህ ያለው ሰልፍ በዓለም ላይ አዲስ አልነበረም። የጥንት ሮማውያን የተማረኩ ነገሥታትን በከተማቸው አደባባይ እያስጎተቱ ማሳየት ልማዳቸው ነበር። ከልደት በፊት በ104 ዓመት የሰሜን አፍሪካው የኑሚዲያ ንጉሥ ዩጉርታ በሮም በሰንሰለት ተጎትቶ በዚያው እስር ቤት ሞተ። ዩጉርታን ለሮማውያን አሳልፎ የሰጠው የገዛ አማቱ ቦኩስ ነው። ሮማውያኑም እርስ በርሳቸው ከዚህ አይሻሉም ነበር። ቄሳር ልጁን ዩልያን ለፖምፔ ድሮ ወዳጅነታቸውን አጠበቀ፤ እርሷ ከሞተች በኋላ ግን ጥቂት ዓመታት ቆይተው ሁለቱ በጦር ሜዳ ተፋለሙ። የሥልጣን ጋብቻ ሥልጣን እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

የእኛም ከዚህ አይለይም። ንጉሥ ሚካኤል በሰንሰለት ሲያልፍ በዙፋኑ ላይ የተቀመጠችው ዘውዲቱ የሟች ሚስቱ የሸዋረጋ እህት ናት። አልጋ ወራሹ ተፈሪ ደግሞ የልጁ የስህን ልጅ የመነን ባል ነው። ያሸነፉት ባዕዳን አልነበሩም፤ አማቾቹ ናቸው። የክርስትና አባቱ ዮሐንስ ከሞቱ ቆይተዋል፣ አማቱ ምኒልክም የለም። በስም፣ በጋብቻና በልጅ የገነባው ግንብ ሁሉ የሌሎች ሰዎች ፈቃድ ነበርና ፈቃዱ ሲያልቅ ግንቡ ፈረሰ።

ንጉሥ ሚካኤል ከእስር ሳይወጣ ጳጉሜን 1910 ዓ.ም. አረፈ። ኢያሱም ለዓመታት ተሳድዶ፣ በ1913 ዓ.ም. ተይዞ፣ በኅዳር 1928 ዓ.ም. በእስር ሞተ።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ታሪክ የምናነሳው የሞተን ሰው ለመውቀስ አይደለም። ሰውዬው ጀግና ነበር፣ አስተዳዳሪም ነበር፤ የተሰጠው ምርጫም ከባድ ነበር። ዋናው ጥፋት እምነትን የሹመት መግቢያ ትኬት ያደረገው ሥርዓት ነው። ሃይማኖት የሥልጣን ሚዛን በሆነበት አገር የተጠመቀውም አይታመንም፣ ያልተጠመቀውም አይታመንም። ሥልጣን ፈላጊው ተቀናቃኙን ለመጣል ሲፈልግ ሃይማኖቱን ይመዛል፤ ሲያሸንፍ ደግሞ ወደ ሰገባው ይመልሰዋል። በመካከል የሚጎዳው ሹመትም ሹመኛም የማያውቀው ሕዝብ ነው።

ግን የሕዝቡ ዕድሜ ከነገሥታቱ ዕድሜ ይረዝማል። የቦሩ ሜዳ አዋጅ ከታወጀ ከመቶ አርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያወጁት አልፈዋል፣ የተቀበሉትም አልፈዋል። የወሎ ዑለማዎች ቂርአት ግን አልተቋረጠም፤ ዳናም ጌታም በስማቸው አሉ። በአንድ ቤት ውስጥ መሐመድና ሚካኤል የሚባሉ ወንድማማቾች አንዱ ለዒድ፣ ሌላው ለገና እየተጠራሩ ይኖራሉ። ነገሥታቱ በአዋጅ አንድ ሊያደርጉት ያቃታቸውን ሕዝቡ ያለ አዋጅ ተስማምቶበት ይኖራል። መጪው ዒድ ሲደርስ በመገናኛ በኩል ወደ ወሎ የምትወጡ ወገኖች ሰንዳፋን አልፋችሁ ሜዳው ሲገለጥላችሁ ይህን አስቡት። እዚያ የወደቁትን የሁለቱንም ወገን ወታደሮች ያወደሰ እምብዛም የለም።