ጆሴፊን በትለር፤ የሕግን ሸክም የመዘኑ ሴት

ጆሴፊን በትለር እ.ኤ.አ. በ1828 ዓ.ም. በሰሜን እንግሊዝ፣ በኖርዘምበርላንድ ተወለዱ። አባታቸው ጆን ግሬይ ባርነት እንዲቀር ከታገሉት ወገን ስለ ነበሩ፣ ሰው እንደ ዕቃ ሊሸጥና ሊለወጥ እንደማይገባው ገና በልጅነታቸው ተማሩ። በ1852 ዓ.ም. መምህሩን ጆርጅ በትለርን አገቡ። በ1864 ዓ.ም. ኤቫ የተባለች ሴት ልጃቸው ከቤታቸው ፎቅ ወድቃ ሞተች። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤተሰቡ ወደ ሊቨርፑል ሲዛወር፣ እኒህ እናት ሐዘናቸውን ይዘው ወደ ድሆች መጠለያ ሄዱ። አሮጌ የመርከብ ገመድ ከሚፈታቱት ሴቶች ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው አብረው ሠሩ፤ የታመሙትንና መጠጊያ ያጡትንም ወደ ገዛ ቤታቸው አስገቡ።

በዚያን ዘመን፣ በ1864፣ በ1866 እና በ1869 ዓ.ም. የወጡት የተላላፊ በሽታ ሕጎች በጦር ሰፈርና በወደብ ከተሞች ይሠሩ ነበር። ዓላማቸው ወታደሩንና መርከበኛውን ከአባላዘር በሽታ መጠበቅ ነበር። ፖሊስ በሴተኛ አዳሪነት የጠረጠራትን ሴት ለግዳጅ ምርመራ ያቀርባል፤ እምቢ ያለች ትታሰራለች፤ የታመመች በሆስፒታል ይዘጋባታል። ወንዱ ግን አይመረመርም። የበትለር ዋና ነቀፌታ ሁለት ሰዎች ለፈጸሙት ድርጊት ሸክሙ በሴቲቱ ላይ ብቻ መውደቁ ነበር።

ከ1869 ዓ.ም. ጀምሮ ሕጎቹ እንዲሻሩ የሚጠይቀውን የሴቶች ብሔራዊ ማኅበር መሩ። በ1870 ዓ.ም. በኮልቼስተር የምርጫ ዘመቻ ጊዜ ሁከተኞች ያረፉበትን ሆቴል መስኮት ሰባበሩ፤ እርሳቸው ግን ዘመቻውን አላቋረጡም፤ የሕጎቹ ደጋፊ የነበረው ዕጩም ተሸነፈ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛውያን ልጃገረዶች ወደ ብራስልስ እየተወሰዱ በዝሙት ቤቶች እንደሚታገቱ በጽሑፍ አጋለጡ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ አንዳንድ የቤቶቹ ባለቤቶች ተቀጡ።

በ1885 ዓ.ም. የእንግሊዝ ፓርላማ ባወጣው ሕግ የልጃገረዶች የፈቃድ ዕድሜ ከ13 ወደ 16 ዓመት ከፍ አለ፤ ሴትን በማታለል ወይም በማስፈራራት ለዝሙት ማቅረብም በወንጀል የሚያስቀጣ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት የተላላፊ በሽታ ሕጎች ተሻሩ።

ይሁን እንጂ አዲሱ ሕግ ለፖሊስ ዝሙት ቤቶችን የመዝጋት ሰፊ ሥልጣን ሰጠ፤ ከዚያ የወጡ ብዙ ሴቶችም መንገድ ላይ ወደቁ። ለዚህም ነበር በትለር በቅጣት ብቻ ምግባርን ለማረም የተነሡትን የቀድሞ የትግል ጓዶቻቸውን እስከ መቃወም የደረሱት። ደላላውን የሚቀጣ ሕግ ለተጎጂዋ መጠለያና እንጀራ ካላዘጋጀ፣ ግማሽ ሥራ ብቻ መሥራቱን ከሊቨርፑል ጀምሮ በዓይናቸው አይተውት ነበርና።

ጆሴፊን በትለር በ1906 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በ78 ዓመታቸው፣ በተወለዱበት በኖርዘምበርላንድ ዐረፉ።