መውጫ ተከፍቶላቸው ያልወጡት ቄስ

ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1921 ዓ.ም. ወለጋ፣ ቦጂ ተወለዱ። መጀመሪያ ነቀምቴ ሆስፒታል ሕሙማንን ሲረዱ ቆዩ፤ በኋላ አሜሪካ ሄደው ነገረ መለኮት ተማሩ። ሲመለሱ የመካነ ኢየሱስ ቤተክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ወንጌል ለነፍስ ብቻ ሳይሆን ለተራበውና ለተበደለውም እንደሆነ ያስተምሩ ነበር።

ደርግ ስልጣን ላይ ሲወጣ ቤተክርስቲያንም ለአብዮቱ እንድታጨበጭብ ፈለገ። ቄስ ጉዲና እምቢ አሉ። ታሰሩ፣ ተፈቱ፣ ደግመው ታሰሩ። በዚህ መሀል የታንዛኒያው ፕሬዝዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አመቻቹላቸው። ስንቶቻችን እንቀር ነበር? እሳቸው ግን ምዕመኑን መከራ ውስጥ ጥለው መሄድ አልሆነላቸውም።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ኡራኤል መካነ ኢየሱስ አስተምረው ሲወጡ ታፈኑ። በዚያው ሌሊት ተገደሉ። ገና 50 ዓመታቸው ነበር።

ዋጋ የከፈሉት ግን ብቻቸውን አይደለም። ባለቤታቸው ወ/ሮ ፀሐይ ቶሎሳ ተይዘው ተገረፉ፣ 10 ዓመት ገደማም ታሰሩ። ቤተሰቡ አስከሬናቸውን አግኝቶ የቀበረው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው።

ቄስ ጉዲና ሞትን ፍለጋ አልሄዱም። መከራው የመጣው ከሥራቸው ስላልተነሱ ነው።

በዚያ ዘመን እኛ ደቡብም ብዙ ቸርቾች ተዘግተው አማኞች በየቤቱ ተደብቀው ይጸልዩ ነበር። ዱመርሶም ሆነ ዲላ ያላችሁ፣ አያቶቻችሁ በሕይወት እያሉ ጠይቋቸው።