ኮንክሪት አይተኛም ያለው መሐንዲስ

በሰፈራችን የአንድ ቤት ሶሌታ በተሞላ ማግስት፣ ሠራተኞቹ ኮንክሪቱን በጆንያ ሸፍነው ጠዋትና ማታ ውሃ ሲያጠጡት አየሁ። ከደረቀ በኋላ ውሃው ምን ያደርጋል ብዬ ስጠይቅ፣ ግንበኛው የሲሚንቶው ሥራ ገና እንዳላለቀ ነገረኝ። እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ እንጂ የግንባታ ሰው አይደለሁም፤ ነገሩን ሳነብ ግን ፈረንሳዊው ኡዤን ፍሬሲኔ ላይ ደረስኩ። በግንባታ ዓለም ስሙ የታወቀ ነው፤ በእኛ ክፍል ግን ብዙ የሰማው ያለ አይመስለኝም።

ፍሬሲኔ በ1879 ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ፓሪስ በነበረው የድልድይና መንገድ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1905 ሙላን ከተማ የመንግሥት መሐንዲስ ሆነ። እዚያ በአሊዬ ወንዝ ላይ ለአንድ ድልድይ በተያዘው ገንዘብ ሦስት ድልድይ የሚያሠራ ንድፍ አወጣ።

ከሦስቱ አንዱ፣ የለቨርድር ድልድይ፣ ቀጫጭን ቅስቶች ነበሩት፤ የመካከለኛው ስፋት ከ70 ሜትር ይበልጣል። ሥራው አልቆ ጥቂት ወራት እንደቆየ ግን ቅስቶቹ ከመሃላቸው ይሰምጡ ጀመር፤ ቀስ በቀስ ከ10 ሴንቲ ሜትር አለፈ። የዘመኑ መመሪያ ደግሞ የጠነከረ ኮንክሪት ጭነት ካልተጨመረበት ቅርፁን አይለውጥም ባይ ነበር። ታዲያ ምን ይደረግ? የአለቆቹን ፈቃድ ቢጠብቅ ድልድዩ ሊወድቅ ነው። በ1911 አንድ ሌሊት ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ወደ ለቨርድር ሄደና የሚያምናቸውን አራት ሰዎች ቀሰቀሰ። አምስት ሆነው ክሪኮቹን በየቅስቱ መሃል መልሰው አስገቡና ቅስቶቹን ወደ ቦታቸው አነሷቸው። ክፍተቱም በኮንክሪት ተሞላ። ድልድዩ እስከ 1940 ጦርነት ድረስ አገለገለ።

ሌላው ሰው ቢሆን ተመስገን ብሎ ጉዳዩን ይረሳው ነበር። ፍሬሲኔ ግን አልረሳውም። ኮንክሪት በጭነት ሥር ለዓመታት እያጠረ እንደሚሄድ፣ በደንብ ሳይጠነክር ከተጫነ ደግሞ እንደሚብስበት ዛሬ ይታወቃል። እሱ ይህን ከልምድ ተረዳ። በካሳፎርማ ውስጥ ኮንክሪትን እያንቀጠቀጡ አየሩን ማስወጣትን ካስጀመሩት አንዱም እሱ ነው፤ የዛሬው ቫይብሬተር ማለት ነው።

በ1928 መፍትሔውን በፓተንት አስመዘገበ። ሐሳቡ በጣም ጠንካራ ብረት በኃይል ወጥሮ ኮንክሪቱን አስቀድሞ መጭመቅ ነው። ኮንክሪቱ ሲያጥር ብረቱ ይላላል፤ ተራ ፌሮ ቢሆን ውጥረቱ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል፤ ጠንካራው ብረት ግን የሚበቃውን ያህል ያስቀራል። በዚህ ተማምኖ ገንዘቡን ሞንታርጂ ላይ ወደተቋቋመ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ፋብሪካ አፈሰሰ። ምሰሶዎቹ እየተንቀጠቀጡ፣ እየተጨመቁ፣ በእንፋሎት እየሞቁ በሰዓታት ውስጥ ይጠነክሩ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ የኢኮኖሚው ቀውስ መጣና ገዢ ጠፋ። ከ50 ዓመቱ በኋላ ኪሳራ ላይ ወደቀ።

በ1934 የለ አቭር ወደብ የመንገደኞች ጣቢያ ወደ መሬት እየሰመጠ ባለሙያዎች ተጨነቁ። ፍሬሲኔ በዚያው ዘዴ መሠረቱን አያይዞ ሕንፃውን አዳነው። ሰው ያመነው ያኔ ነው። በ1962፣ በ82 ዓመቱ አረፈ።

ከፓተንቱ ይልቅ እኔን የገረመኝ ያ የሌሊት ጉዞ ነው። ሥራው ተመርቆ፣ ጭብጨባው አልፎ ተመልሶ ማየት፤ ስህተት ሲገኝም የራሴ ነው ብሎ ማቃናት። ጽሑፋችን ከታተመ በኋላ ዞር ብለን ለማናየው ለእኛም ይህ ይመለከተናል እላለሁ። የሰፈራችን ሶሌታ እንኳ እሑድ ጠዋትም ውሃ አልቀረበትም።