ፈጥኖ የሚደርስ ኑድል ፈልሳፊ ሞሞፉኩ አንዶ

በየሱቁ ኢንዶሚ እያልን የምንገዛውን ፈጥኖ የሚደርስ ምግብ፣ ኑድልን፣ መጀመሪያ የፈለሰፈው ሞሞፉኩ አንዶ የተባለ ሰው ነው። እርሱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1910 ዓ.ም. ያን ጊዜ ጃፓን ትገዛት በነበረችው በታይዋን ተወለደ። ወላጆቹ በሕፃንነቱ ስለ ሞቱበት አያቶቹ አሳደጉት። በ22 ዓመቱ የጨርቃ ጨርቅ ንግድ ጀመረ፤ ኋላም ወደ ጃፓን ተሻገረ።

በ1957 ይመራው የነበረው የብድር ማኅበር ሲከስር ከቤቱ በቀር ያለውን ሁሉ አጣ። ነገር ግን ተስፋ ሳይቆርጥ በጓሮው በሠራት ጎጆ ሌት ተቀን ደከመ። በመጨረሻም ኑድሉን በጋለ ዘይት ጠብሶ የማድረቅን ብልሃት አግኝቶ በ1958፣ በ48 ዓመቱ፣ ለገበያ አቀረበው።

በ1966 ገበያ ፍለጋ ወደ አሜሪካ ቢሄድ፣ በዚያ ያሉ ነጋዴዎች ኑድሉን ሰባብረው በወረቀት ኩባያ ከጨመሩ በኋላ በሹካ ሲበሉ አየ። ከዚህም ትምህርት ወስዶ በ1970 በአሜሪካ ሕግ የሚተዳደር ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1971ም በኩባያ የታሸገ ኑድል አወጣ። በ2007 በ96 ዓመቱ ዐረፈ።

ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ዕቃ ይቀበላል። ነገ የእኛም ምርት ባሕር ተሻግሮ እንዲሸጥ የምንመኝ ወጣቶች የገዢውን አገር ልማድና ሕግ አስቀድመን እንማር።